ዋካንዳ እኛ ከሆንን ሌላኛውን ግማሽም እንውሰድ

«ብላክ ፓንተር» ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2018 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። በዋዜማው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ተናገሩ። ፊልሙ በወጣበት ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የካቲት 23፣ የዓድዋ 122ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያንን አዋጅ አጸደቀ። የድምፅ ቆጠራው ራሱ ምን ያህል እንዳወዛገበ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ።

ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሆሊውድ የእኛን ቀጠሮ አይቶ ፊልም አያወጣም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ፣ ፌስቡኩም ታክሲውም፣ አንድ ነገር ሲደጋግም ነበር፦ «ዋካንዳ እኛ ነን!» ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር፣ በተራራ የተከበበች፣ ነጭ የማያውቀው ሀብት ያላት፣ ንጉሥ ያላት፣ ታሪኳ የረዘመ። ከእኛ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከመገናኛ ሳሊተ ምሕረት በሚጭኑ ታክሲዎች መስታወት ላይ የጥቁሩ ነብር ፊት ተለጥፎ ያየሁት ያኔ ነው። ከጎኑ የተለጠፈችው እመቤታችን ነበረች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስ ያላለኝ ሌላ ነገር ነው። ይህችን ዋካንዳ የምትባል አገር ፊልሙ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት በኮሚክ አውቃታለሁ። ከውጭ በመጣ የዘመድ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ በደረሰ እትም፣ ኋላም በፍላሽ በሚዞር ፒዲኤፍ። («ትልቅ ሰው ሆነህ ሥዕል ታያለህ?» የሚለውን ጥያቄ ስለለመድኩት እዚህ ባትደግሙት ደስ ይለኛል።) እኔ የማውቃት ዋካንዳ ደግሞ ቅኝ ባለመገዛቷ ብቻ የምትኮራ አገር አይደለችም። ቅኝ ያልተገዛ አገር ጣጣው ከውስጥ እንደሚመጣ የሚነገርባት አገር ናት። ፊልሙ ከኮሚኩ የሚያሞግሰውን ግማሽ ወሰደና የሚጠይቀውን ግማሽ ተወው። እኛ ደግሞ ፊልሙ የተወውን ሳንፈልግ የወሰደውን አጨበጨብንለት። ሦስተኛው ፊልም እየተሰናዳ ስለሆነ (ዴንዘል ዋሽንግተን በ2024 እ.ኤ.አ. ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ለእሱ የሚሆን ሚና እየጻፈ መሆኑን ተናግሯል) ይህን ነገር አሁን ማንሳት ያለብኝ ይመስለኛል።

ኮሚኩን ለማታውቁት በአጭሩ። ብላክ ፓንተር መጀመሪያ የታየው በ1966 እ.ኤ.አ. በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ላይ ነው። ደራሲው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ። ሁለቱም ነጭ አሜሪካውያን ናቸው፤ የሣሏት አፍሪካ ግማሽ ጫካ ግማሽ ማሽን ነበረች። ጥቁር ልዕለ ጀግና በታላላቆቹ አሳታሚዎች ቤት ገና አዲስ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በኦክላንድ ከተማ የብላክ ፓንተር ፓርቲ ተመሠረተ፤ ኮሚኩ በወራት ይቀድመዋል። ኩግለር የኦክላንድ ልጅ ነው፤ ፊልሙ እዚያ የሚጀምረውም እዚያ የሚያበቃውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ኪልሞንገር የመጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ዶን ማክግሬገር በጻፈው ታሪክ ነው። አንድ የኮሚክ አንባቢ ፊልሙን ሲያይ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የሚያንቆራጥጠው እዚህ ጋ ነው። በኮሚኩ ኪልሞንገር የንጉሥ ዘር አይደለም። ተራ የዋካንዳ ልጅ ነው። አባቱ የውጭ ወራሪውን ለማገዝ ተገደደ፣ ቤተሰቡ በዚህ ጦስ ከአገር ተባረረ፣ ልጁ አሜሪካ አደገ፣ ተማረ፣ ቂሙን ይዞ ተመለሰ። ዙፋኑን ሲጠይቅ «ደሜ ነው» ብሎ አይደለም። «ይህ መንግሥት ቤቴን አፍርሷል» ብሎ ነው። በፊልሙ ግን የንጉሡ የወንድም ልጅ ሆኗል፣ የቲቻላ የአጎት ልጅ።

ነገሩ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ በቀላሉ የሚገባው ምሳሌ ልስጥ። የኮሚኩ ኪልሞንገር የቋራው ካሣ ነው፦ በዘር ሐረግ ቆጠራ ዙፋኑ የማይደርሰው፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ የተሰደበ፣ በክንዱና በቁጭቱ መጥቶ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ የተባለ። የፊልሙ ኪልሞንገር ግን ልዑል ዓለማየሁ ነው። የንጉሥ ደም ያለው፣ ባሕር ማዶ የቀረ ልጅ። ፊልሙ ከአባትየው ወደ ልጁ ተሻገረ ማለት ነው።

ስለ ዓለማየሁ ካነሳሁ ፊልሙን ማመስገን አለብኝ፤ በዚህ ለውጥ ያተረፈው ነገር እውነተኛ ነውና። የቲቻላ አባት ወንድሙን ገድሎ ሕፃኑን ኦክላንድ ጥሎት ሲሄድ፣ ያ ልጅ ኮንዶሚኒየም በሚመስል ሕንፃ ሥር ቅርጫት ኳስ እየተጫወተ በሰማይ የሚያልፍ ብርሃን ሲያይ፣ እኔ ያሰብኩት ስለ ኮሚክ አልነበረም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ እንግሊዝ ደረሰ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ አየችው፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት አዞሩት፣ በ18 ዓመቱ በ1879 እ.ኤ.አ. ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሌሎች አፅሞችን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ። አንድ ልጅ ከአገሩ ከተወሰደ ከ150 ዓመት በኋላ እንኳ «ይቅርና እዚያው ይረፍ» የሚባልበት ዓለም ውስጥ፣ ኪልሞንገር ቂመኛ ቢሆን አይገርመኝም።

ሙዚየሙም አለ። ኪልሞንገር ለንደን ውስጥ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ መጥረቢያ ፊት ቆሞ ባለሙያዋን የሚያፋጥጥባት ትዕይንት፣ በእኔ ግምት የፊልሙ ምርጥ አራት ደቂቃ ነው። ፊልሙ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ፣ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዘረፋ 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የወርቅ ዘውዱንና ሌሎች ዕቃዎችን ለእይታ አቀረበ። ዳይሬክተሩም ዕቃዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ የሚችሉት በረጅም ጊዜ ውሰት ነው አሉ። የራሳችንን ዕቃ በውሰት! የተዘረፈ ሰው ቤቱ የወጣውን ዕቃ ፈርሞ ይዋስ እንደማለት። በዓመቱ አንድ ሌላ የለንደን ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ መለሰ፤ ለዚያ አመስግነናል። ፊልሙ ይህን ቁስል በደንብ ነክቶታል፤ የሚገባውን ክብር እሰጠዋለሁ።

ግን ዋጋው ምን ነበር? ኪልሞንገርን የንጉሥ ዘር ስታደርገው፣ የአገሪቱ ጥያቄ ሁሉ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ይሆናል። ዙፋኑ የማን ነው? የታላቁ ወንድም ልጅ ወይስ የታናሹ? በምን ይወሰናል? ፏፏቴ ላይ በጡጫ። ያሸነፈ ይነግሣል። ሕዝቡ የት አለ? ገደሉ ላይ ቆሞ ይጨፍራል። እስቲ ፊልሙን መልሳችሁ እዩትና፣ ስም ያለው፣ ንግግር የተሰጠው፣ ቤተ መንግሥት ወይም ጦር ወይም ሽማግሌዎች ምክር ቤት ውስጥ ያልሆነ አንድ የዋካንዳ ተራ ሰው ፈልጉልኝ። ገበያው ያምራል፣ ባቡሩ ያምራል፣ ልብሱ ያምራል። ሰዉ አይናገርም።

በተለይ ኦኮዬን ልብ በሉ። የንጉሡ ሴት ጠባቂዎች አዛዥ ናት፣ ሁላችንም የወደድናት። ቲቻላ ሞተ ተብሎ ኪልሞንገር ሲነግሥ፣ ጓደኛዋ አብረን እንውጣ ስትላት ታማኝነቴ ለዙፋኑ ነው፣ ማንም ይቀመጥበት ማን፣ የሚል መልስ ትሰጣለች። ሰውየው የተቀደሰውን የአትክልት ቦታ ሲያቃጥል፣ በዓለም ዙሪያ ጦርነት ለመክፈት መሣሪያ ሲጭን ቆማ ታያለች። ጦሯን የምታዞረው ቲቻላ በሕይወት ሲመለስ፣ ማለትም ፍልሚያው በሥርዓቱ አልተጠናቀቀም የሚል የሕግ ቀዳዳ ሲገኝ ነው። ልብህ በጥላቻ የተሞላ ስለሆነ ንግሥና አይገባህም ብላ ትነግረዋለች፤ ይህን የምትለው ግን የቀድሞው ንጉሥ ፊቷ ከቆመ በኋላ ነው። ባይመለስስ? ፊልሙ አይነግረንም። እኛ ግን እናውቃለን። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት» የሚል ሹም ሦስት መንግሥት ሲያገለግል ያየን ሕዝብ ነን።

አሁን ፊልሙ ወደ ተወው ግማሽ ልሂድ። ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ.፣ ታነሃሲ ኮትስ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ የብላክ ፓንተርን ኮሚክ መጻፍ ጀመረ። ሠዓሊው ብራያን ስቴልፍሪዝ ነበር። ኮትስ በዘር ጉዳይ በሚጽፋቸው ጽሑፎቹ የታወቀ ጋዜጠኛ ነው እንጂ የኮሚክ ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ ይህ ይታወቅበታል፣ ንግግሩ ይበዛል። ነገር ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ እንዲህ የተማረ፣ እንዲህ የሠለጠነ ሕዝብ ለምን እስከ ዛሬ በንጉሥ ይገዛል?

ታሪኩ የሚጀምረው ማዕድን ማውጫው ላይ ነው። ቫይብሬኒየም፣ ያ ዋካንዳን ያበለፀገው ብረት፣ በራሱ ከመሬት አይወጣም፤ የሚቆፍሩት ሰዎች አሉ። ንጉሡ ሊያመሰግናቸው ይሄዳል። ሠራተኞቹ ይነሱበታል፤ የንጉሡ ወታደሮች ይተኩሳሉ። ኮሚኩ በንጉሥ ወታደር ጥይት በወደቁ ሠራተኞች ይጀምራል። ቁጣውን ከጀርባ የምታባብስ ሴት መኖሯ እውነት ነው፤ ግን የሌለ ቁጣ አይባባስም፣ ኮትስ ይህን አይደብቅም። ቀጥሎ አኔካ የምትባል የንጉሡ ጠባቂ ሴቶችን ሲያሰቃይ የነበረ አንድ የአካባቢ ሹም ገድላ ሞት ይፈረድባታል። ፍርዱን የምታጸናው ንግሥቲቱ እናት ናት። የአኔካ ፍቅረኛ አዮ ከመንግሥት የጦር ልብስ ሰርቃ ታስፈታታለች፤ ሁለቱም ዙፋኑን ከድተው ቤተ መንግሥት የረሳቸውን ሴቶች ለመከላከል ይሸፍታሉ። «የመንፈቀ ሌሊት መላእክት» ይባላሉ። ኦኮዬ ያላደረገችውን ያደረጉ ሴቶች ናቸው።

በሌላ በኩል ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ የፍልስፍና ተማሪ ትጥቅ ያነሳል። መምህሩ ሽማግሌ ምሁር ነው፤ ድሮ ንጉሥን በመተቸቱ ከቤተ መንግሥት የተባረረ፣ ግን ደም መፋሰስን የሚጠላ። ዓመፀኞቹም ቤተ መንግሥቱም የሽማግሌውን ቃል ይፈልጋሉ። ስድስት ኪሎን የሚያውቅ፣ የስድሳዎቹን ተማሪዎችና የመምህሮቻቸውን ዕጣ ያነበበ ሰው ይህን ሲያነብ ሥዕሉ አሜሪካ ውስጥ የተሣለ አይመስለውም።

እኔን ያስደነገጠኝ ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ቲቻላ ዓመፁ ሲያይልበት ከተለያዩ አገሮች የአፈና ባለሙያዎችን በምስጢር ይሰበስባል፤ ሕዝብ ሲያምፅ ምን እንደሚደረግ ሊመክሩት። ዓመፀኞቹ ስብሰባውን ቀርጸው ለሕዝብ ይለቁታል። አያችሁ? ልዕለ ጀግናው፣ የልጆች ቲሸርት ላይ ያለው፣ የገዛ ሕዝቡን እንዴት ዝም እንደሚያሰኝ ምክር ሲጠይቅ ይያዛል። ያፍራል፤ ማፈሩ ነው ጀግና የሚያደርገው። ይህን በሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ውስጥ ማንም አያስገባውም። ገባኝ። ግን ኖሯል፣ ታትሟል፣ ኩግለርና ባልደረቦቹም አንብበውታል ብዬ አምናለሁ።

ኮትስንም ዝም ብዬ አላሞግሰውም። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ንጉሡ ከየአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ይስማማል፣ ነገሩም በዚህ ይረጋጋል። አሜሪካዊ አንባቢ እፎይ ይል ይሆናል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሳቅ ያመልጠዋል። ንጉሥ ሕገ መንግሥት ሲሰጥማ አይተናል! በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ተሰጠን፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ተሰጠን፤ የተሻሻለውም በሁለተኛው አንቀጹ ዙፋኑ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ልጅ የቀዳማዊ ምኒልክ ዘር መሆኑን ይደነግጋል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ደግሞ የንጉሡን ሥልጣን የሚገድብ ረቂቅ በኮሚሽን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደርግ ወደ ጎን ገፋው፣ የቀረውን ታውቃላችሁ። ሕገ መንግሥት መጻፍና በሕገ መንግሥት መኖር ለየቅል መሆናቸውን ከእኛ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ኮትስ ይህን አላየውም፤ አሜሪካዊ ነዋ፣ የእነሱ ወረቀት ከሞላ ጎደል ሠርቶላቸዋል። ቢሆንም ጥያቄውን አንስቷል። ፊልሙ አላነሳውም።

ሁለተኛው ፊልም ሲመጣ ይስተካከላል ብዬ ነበር። «ዋካንዳ ፎርኤቨር» የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2022፣ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 2015 ነው። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስ በርሳችን ስንፋጅ ከርመን፣ ገና የሞተውን ቆጥረን ሳንጨርስ። በዚያ ሳምንት «ዋካንዳ እኛ ነን» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ፊልሙ ራሱ የኀዘን ፊልም ነበር፤ ቻድዊክ ቦዝማን ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በካንሰር አርፎ ነበርና ያ ኀዘን እውነተኛ ነው፣ ማንም አያፌዝበትም።

የኮሚክ አንባቢውን ግን አንድ ነገር አቃጠለው። አኔካና አዮ ፊልሙ ውስጥ አሉ። «የመንፈቀ ሌሊት መላእክት»ም አሉ። ምን ሆነው? ልብስ። ሹሪ የሠራችው ሰማያዊ የጦር ልብስ፣ የዙፋኑ ወታደሮች ለብሰውት ለዙፋኑ የሚዋጉበት። ስማቸውን ወስደው ዓመፃቸውን ጣሉት። ይህ ቸልተኝነት ይሁን ጥንቃቄ አላውቅም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። የአርበኛን ስም ለመንገድ ሰጥቶ አርበኛው የታሰረበትን ምክንያት ከመማሪያ መጽሐፍ እንደ ማውጣት ነው። ፊልሙ ሲያልቅስ? አንድ የጎሣ መሪ እንደገና ፏፏቴው ላይ ወርዶ ዙፋኑን በጡንቻ ይጠይቃል። እዚያው በገሌ።

«ዋካንዳ እኛ ነን» ለሚሉ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ ከኢትዮጵያ በግልጽ የተወሰደው ምንድን ነው? ላሊበላ አይደለም፣ ጎንደርም አይደለም፣ ዓድዋም አይደለም። አረንጓዴ ሱፍ የለበሰውን፣ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገውን የወንዝ ነገድ ሽማግሌ አስታወሳችሁት? እሱ ነው። ለልብሱ ኦስካር የወሰደችው ሩት ካርተር ያንን ከሙርሲና ከሱሪ ሕዝቦች ነው ያገኘችው። በማርቭል ፊልሞች ካርታ ላይም ዋካንዳ የምትቀመጠው ቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ እኛና ኬንያ በምንዋሰንበት፣ ኦሞ ወንዝ በሚገባበት በኩል ነው። ሆሊውድ ኢትዮጵያን ፈልጎ ያገኘው ቦሌ ላይ አይደለም፤ ደቡብ ኦሞ ላይ ነው።

ታዲያ «ዋካንዳ እኛ ነን» ስንል እነማንን ጨምረን ነው? የከንፈር ገልን ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ነገር፣ ሲብስም መሳቂያ አድርገን የኖርን የከተማ ሰዎች፣ በድንገት ዓለም ሲያጨበጭብ ሁሉም «የእኛ» ሆነ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ኤሌክትሪክ ያስፈልገናል፤ ሳሊተ ምሕረት ተቀምጬ ይህን የምጽፍበት መብራት ከዚያው መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኦሞ በየዓመቱ እየሞላ ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ የሚዘሩት ሙርሲዎች፣ ቦዲዎችና ዳሰነቾች ያ ጎርፍ እንደቀረባቸውም እውነት ነው። በኮሚኩ ማዕድኑን የሚቆፍሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ። የአገር ብልፅግና የቆመበት ሰው አለ፣ ብልፅግናው ሲደርስ ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ የሚቆም። ኮትስ የጻፈው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። እኛ ነን ካልን፣ እኛ ውስጥ እነሱም አሉ፤ እኛ ውስጥ ወታደሩም አለ።

የሚመጣብኝ መልስ ይገባኛል። «ፊልም ነው ባክህ፣ ለመዝናናት ነው። ጥቁር ሕፃን በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ንጉሥ አድርጎ ያየበትን ፊልም ሕገ መንግሥት የለውም ብለህ ትከሳለህ?» ይህን የምትለኝ እህቴ ናት፤ ኑሮዋ አሜሪካ ነው፣ ልጇ የቲቻላን ጭንብል አድርጎ ነው የሚያድረው። ለእሷ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልከራከራትም። እዚያ ያለ ጥቁር ልጅ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። ፊልሙ የተሠራው ለእሱ ነው፣ 1.3 ቢሊዮን ዶላርም ያስገባው እሱን የመሰሉ ሚሊዮኖች ስለነበሩ ነው። እኔ ግን እዚህ ነኝ። እዚህ ያለ ልጅ ንጉሥ እንደነበረው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይነገረዋል፣ ጥቁር ስለሆነ መንገድ ላይ የሚያስቆመው የለም። የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው፤ መታወቂያው፣ ስሙ፣ አፍ የፈታበት ቋንቋ። የሁለቱ ልጆች ረሃብ አንድ አይደለም፤ አንድ ፊልም ሁለቱንም እንዲያጠግብ አልጠብቅም። የምጠይቀው እኛ የሌላውን ምግብ በልተን ጠግበናል እንዳንል ነው።

ደግሞ የራሳችንም ጀምሯል። ብላክ ፓንተር በወጣበት በዚያው 2018 እ.ኤ.አ. በስራት ደበበ የመሠረተው እጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ንጉሥ አይደለም፣ የንጉሥ ልጅም አይደለም። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይህ ምርጫ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀጥሎም «ሐዊ» መጣች፣ ሴት ጀግና። ሥዕሉ ከማርቭል ጋር አይወዳደርም፣ ገንዘቡም እንደዚያው፤ እኔ ግን ጀምበርን ሳነብ የገዛ ሰፈሬን ታክሲ ወረፋ ያየሁ መሰለኝ። ዲግሪውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ልጅ ድንገት ኃይል ቢያገኝ ምን ያደርግበታል? ለማን ይታዘዛል? መንግሥት ና አግዘኝ ቢለውስ? ይህ ዋካንዳ ያልጠየቀችው የእኛ ጥያቄ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ፊልም ቢመጣ ደግሞ ከመቶ ፏፏቴ ይበልጥብኛል። የሚመጣ ከሆነም አደራ፣ ልጁን መጨረሻ ላይ የአንድ ደጃዝማች የጠፋ የልጅ ልጅ ነበር እንዳትሉን። ይህን ልማድ የአማርኛ ፊልሞቻችን ላይም አይቻለሁ፤ ድሃው ጎበዝ በመጨረሻ የሀብታሙ ልጅ ሆኖ ካልተገኘ ታሪክ አያልቅ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው ብላክ ፓንተር ሲመጣ ከወረፋው ፊት እገኛለሁ፤ ሰው የሚወደውን ነው የሚነቅፈው። ከኩግለር የምፈልገው ብዙ አይደለም። አኔካንና አዮን ልብሳቸውን ብቻ ሳይሆን ምክንያታቸውንም ይስጣቸው። ከማዕድን ማውጫው አንድ ሠራተኛ፣ ስም ያለው፣ ንጉሡ ፊት ቆሞ ሁለት ደቂቃ ይናገር። እስከዚያው ኮትስን ማንበብ የምትፈልጉ፣ አሥራ ሁለቱ ክፍሎች በሦስት ጥራዝ ተሰብስበው ታትመዋል። መጀመሪያው ጥራዝ ትንሽ ይከብዳል፣ አትተዉት፤ የአፈና ባለሙያዎቹ ስብሰባ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው።